የኩምጁንግ ገዳም የ«የቲ» ራስ ቆዳ፦ ለግማሽ ቀን ጉብኝት ያዋጣል?

በኔፓል ወደ ኤቨረስት ግርጌ የሚጓዙ ሰዎች አብዛኞቹ ከናምቼ ተነስተው በቀጥታ ወደ ቴንግቦቼ ያቀናሉ። ከመንገዱ ከፍ ብላ፣ 3,790 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው የኩምጁንግ መንደር ግን በገዳሟ ውስጥ የየቲ፣ ማለትም ሂማላያ ውስጥ ይኖራል የሚባለው ጠጉራም ሰው መሰል ፍጡር፣ ራስ ቆዳ ነው የሚባል ቅርስ ታኖራለች። ግማሽ ቀን ቢሰጠው በደንብ ያዋጣል፤ በተለይ ምን እያየ እንደሆነ አውቆ ለሚሄድ ሰው።

ቅርሱ ያለው በተቆለፈ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ነው። ቅርጹ ሾጣጣ ቆብ ይመስላል፤ ጠጉሩ ሻካራና ወደ ቀይ የሚያደላ ጠቆር ያለ ቡናማ ነው። መሐል አናቱን ይዞ ከፊት ወደ ኋላ የሚሄድ የቆመ የጠጉር መስመር አለው። ብዙ ጎብኚ ፎቶ አንስቶ ይወጣል፤ ዓይን ማሳረፍ ያለባችሁ ግን እዚህ መስመር ላይ ነው። ስፌት ብትፈልጉ አታገኙም። እውነተኛ የራስ ቆዳ ነው ብለው የሚከራከሩ ሰዎች ትልቁ ማስረጃቸው ይህ ነበር። ስፌት የታጣው ግን ቆቡ ከአንድ ወጥ ቆዳ ስለተሠራ ነው። ሴሮው የሚባለው ፍየል መሰል የሂማላያ እንስሳ ከማጅራቱ እስከ ትከሻው ጋማ አለው። የዚያ ቦታ ቆዳ ርጥብ ሳለ በእንጨት ቅርጽ ላይ ተወጥሮ ሲደርቅ ሾጣጣነቱን እንደያዘ ይቀራል፤ ጋማውም አናቱ ላይ ያርፋል። በጣም የሚያምር የእጅ ሥራ ነው።

ይህ የታወቀው ኤቨረስትን መጀመሪያ ከወጡት ሁለት ሰዎች አንዱ ኤድመንድ ሂላሪ በ1960 እ.ኤ.አ. የመሩት ጉዞ ቅርሱን ለስድስት ሳምንት ተውሶ ከወሰደው በኋላ ነው። የመንደሩ ሽማግሌ ኩንጆ ቹምቢ ከቅርሱ ሳይለዩ አብረው ሄዱ። ቺካጎ፣ ፓሪስና ለንደን ላይ ባለሙያዎች መረመሩት፤ የጉዞው አባላትም ከሴሮው ቆዳ ተመሳሳዩን ሠርተው አሳዩ። ሂላሪ በ1961 ያስከፈቱት ትምህርት ቤትም እዚያው መንደር ውስጥ ስለሆነ አብሮ ይታያል።

ኩምጁንግ ገዳም እንጂ ሙዚየም አይደለም፤ የሳይንሱን ታሪክ ይዞ መሄድ የጎብኚው ፈንታ ነው። መንገድ ላይ የየቲ ነው ስለሚባል ዱካም ብዙ ትሰማላችሁ። ከሁሉ ዝነኛው እንግሊዛዊው ተራራ ወጪ ኤሪክ ሺፕተን በ1951 ሜንሉንግ የበረዶ ግግር ላይ ያነሱት ፎቶ ነው። ድብ ሲራመድ የኋላ እግሩ የፊቱ ባረፈበት ላይ በከፊል ይደርባል፤ ሁለቱ ዱካ አንድ ረጅም ይሆንና በሁለት እግር የሄደ ፍጡር ያስመስላል። ፀሐይ ጠርዙን ስታቀልጠው ደግሞ ይሰፋል። ስለዚህ የቆየ ዱካ ስፋት ስለ እንስሳው ግዝፈት ብዙም አይናገርም።

የዲኤንኤው ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። በ2014 የወጣ ጥናት የየቲ ናቸው የተባሉ ሁለት የጠጉር ናሙናዎችን ከጥንታዊ የዋልታ ድብ ጋር አዛምዶ ነበር፤ ይህን እስከ ዛሬ የሚደግሙት አሉ። የተነበበው የዘረመል ቁራጭ አጭር ስለነበር የድብ ዝርያዎችን በትክክል መለየት አልቻለም፤ መረጃውን እንደገና ያዩ ተመራማሪዎች ናሙናው ከሂማላያ ቡናማ ድብ እንደማይለይ አሳዩ። በ2017 የዘረመል ተመራማሪዋ የቻርሎት ሊንድክቪስት ቡድን የየቲ ናቸው የተባሉ ዘጠኝ ናሙናዎችን መረመረ፦ ስምንቱ የድብ፣ አንዱ የውሻ ሆኑ። ከዚያው ሥራ የተገኘው ግን ከየቲም ይበልጣል፤ የሂማላያ ቡናማ ድብ ከሌሎቹ ቡናማ ድቦች የተለየው ከ650,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው።

የአካባቢው ነዋሪዎች ሼርፓዎች ስለ አንድ አውሬ ብቻ አይደለም የሚያወሩት። ድዙቴህ የሚሉት ግዙፉና ከብት የሚበላው ነው፤ ቡናማ ድብን በደንብ ይገልጻል። ሚቴህ ደግሞ ሰው መሰሉ ነው። ካባረራችሁ ቁልቁል ሩጡ ይባላል፤ ጠጉሩ ዓይኑ ላይ ይወድቅበታልና። እሱን ማየት መጥፎ ምልክት ነው የሚል እምነትም አለ። ስለዚህ ሳጥኑ ፊት ቆሞ «ውሸት ነው» ማለት ነውር ነው፤ ለመንደሩ ሰው የገዳም ንብረት ነው።

ከሉክላ (2,860 ሜትር) እስከ ናምቼ (3,440 ሜትር) ሁለት ቀን መድቡ። ናምቼ ሁለት ሌሊት እደሩና ኩምጁንግን በመካከለኛው ቀን ጎብኙ፦ በስያንግቦቼ በኩል ሁለት ሰዓት ገደማ ሽቅብ፣ ከዚያ ተመልሶ ናምቼ ማደር። ቀን ከፍ ብሎ ሌሊት ዝቅ ብሎ መተኛት ሰውነትን ለከፍታው ያለማምዳል። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታ ከፍታን በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ መጨመር አይመከርም፤ ራስ ምታቱ ከተባባሰ ወይም ማስመለስ ከመጣ ውረዱ።

የገዳሙ በር ተቆልፎ ብታገኙት ተስፋ አትቁረጡ፤ ቁልፍ የያዘውን ሰው መንደር ውስጥ ጠይቁ። ለመዋጮ ዝርዝር የኔፓል ሩፒ፣ ለጨለማው ባትሪ ያዙ። ጫማ ይወለቃል፤ የጸሎት ድንጋዮቹን በቀኛችሁ አድርጋችሁ እለፉ።

ከዚያ ከፍ ብሎ ፓንግቦቼ ላይ «የየቲ እጅ» አለ የሚላችሁ ካለ፣ አሁን ያለው ቅጂ ነው፤ ዋናው በ1990ዎቹ ተሰርቋል። ቀደም ሲል ከእጁ ተወስዶ ለንደን የገባው ጣትም በ2011 ኤዲንብራ ውስጥ ሲመረመር የሰው ሆኖ ተገኝቷል። መንገዳችሁ ከሆነ ጎራ በሉ፤ ለእሱ ብቻ ብሎ መውጣት ግን አያዋጣም።