ቢግ ሾልደርስ ስቴንስል ለድሬዳዋ ታፔላ፦ ላቲኑ ተሳክቷል፣ አማርኛው ቆራጭ ይፈልጋል

ለጋራዥ፣ ለመጋዘን ወይም ለጭነት መኪና በር ወፍራም ስቴንስል ፎንት (ተቆርጦ በቀዳዳው ቀለም የሚነፋበት የፊደል ዓይነት) ለሚፈልግ፣ በነፃ ከሚገኙት ውስጥ ቢግ ሾልደርስ ስቴንስልን እናስቀድማለን። ረጅምና ጠባብ ስለሆነ በድሬዳዋው መጋላ ጠባብ የሱቅ ግንባር ላይ ረጅም ስም ሳይጨናነቅ ይገባል። 9 ውፍረት አለው፤ ለታፔላ ግን ከቦልድ የቀጠኑትን ተዉዋቸው። ሳይራ ስቴንስል ዋንም ጥሩ ነው፣ ውፍረቱ ግን አንድ ብቻ ነው። ከኦፊስ ጋር የሚመጣው ስቴንስል፣ በ1937 የወጣው ፊደል፣ ትልልቅ ሆሄ ብቻ አለው፤ የጦር ሣጥን ስለሚመስል ለካፌ አይሆንም።

ትልቁ ጉድለት አማርኛ በአንዳቸውም ውስጥ አለመኖሩ ነው። አማርኛ ሲጻፍባቸው ኮምፒውተሩ ሳይናገር የዊንዶውስን ተራ የአማርኛ ፎንቶች፣ ኒያላን ወይም ኤብሪማን፣ ይተካል። ታፔላው ግማሹ ከላሜራ የተቆረጠ፣ ግማሹ የቢሮ ደብዳቤ ይሆናል።

መፍትሔው የአማርኛውን ፎንት ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን፣ በጣም ወፍራሙን (ብላክ)፣ በጠባቡ ስፋት፣ ራስ ቆርጦ ማጣመር ነው። ኢንክስኬፕ በተባለው የሥዕል ፕሮግራም ላይ ጽሑፉን ወደ ፓዝ (የቅርጽ መስመር) ለውጡ፤ አራት ማዕዘን አስቀምጡና በዲፈረንስ (በመቀነስ ትእዛዝ) ቁረጡ፤ ይህ ድልድይ፣ ማለትም የፊደሉን ውስጥ ከዙሪያው ጋር የሚይዝ ያልተቆረጠ ቁራጭ ይሆናል። የድልድዩን ስፋት ከላቲኑ ላይ ለኩ፤ ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ዓይን ወዲያው ይይዘዋል።

«ሐረር» የሚለው ቃል ዝግ ሆድ (ዙሪያው የተዘጋ ባዶ ቦታ) ስለሌለው ያለ ድልድይም ይቆረጣል። «ድሬዳዋ» ላይ ግን ዋ ሆድ አላት፣ ሬም ቀለበት አላት። ዐ፣ መ፣ ወ፣ ቀ እና ፀም እንዲሁ ናቸው። ሆዱን የሚይዘው አንድ ድልድይ ብቻ ከሆነ ስፖንጅ ሲነካው ይታጠፋል፤ ፊት ለፊት ሁለት አድርጉ። ከሁሉ የሚከፋው የኃምስ ቀለበት ነው፦ በጎኑ ከተከፈተ እግር ይመስልና «ቤት» «ቢት» ተብሎ ይነበባል። ፊደሉ ከ5 ሴንቲ ሜትር ካነሰ ቀለበቱን ጭራሽ ሳትከፍቱ ሙሉ ነጠብጣብ አድርጋችሁ ተዉት፤ ከተከፈተው ይልቅ በትክክል ይነበባል።

በ10 ሴንቲ ሜትር ፊደል ላይ ድልድዩ ከ4 ሚሊ ሜትር አይነስ። ድሬ ላይ ቀትር ላይ የጋለ ላሜራ ፊደሉ የተቆረጠበትን ቀጭን ፕላስቲክ ያለሰልሳል፤ ድልድዩ ይነሳና ቀለም ከሥሩ ይገባል። እስፕሬይም ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ከራቀ አየር ላይ ደርቆ አሸዋ ይመስላል። ማለዳ፣ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ ሁለት ስስ ዙር ንፉ፤ አንድ ወፍራም ዙር ይወርዳል። ለጆንያ ደግሞ እስፕሬይ ሳይሆን፣ ቀለሙ ተጨምቆ የወጣለት ስፖንጅ ይሻላል፤ ፕላስቲኩንም በየአሥር ጆንያው ጥረጉት።