ጥንቃቄ፦ በካርቶን ጽሁፍ ተማምናችሁ ገመድ አልባ ኤርፎን እንዳትገዙ

«ከኦርጅናሉ ጋር አንድ ነው፣ ከዚያው ፋብሪካ የወጣ ነው፣ የሚለየው ዋጋው ብቻ ነው» እየተባለ የሚሸጠውን ገመድ አልባ ኤርፎን ለመግዛት ያሰባችሁ ሁሉ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እነዚህ ዕቃዎች በመጀመሪያው ቀን ይሠራሉ፤ ከስልክ ጋር ይገናኛሉ፣ ሙዚቃም ያሰማሉ። ጉዳቸው የሚወጣው ቀስ እያለ ነው። አንደኛው ጆሮ ከሌላው ቀድሞ ይዘጋል፣ ስልክ ስትደውሉ ወዲያ ያለው ሰው አይሰማችሁም፣ ኬዙ (ኤርፎኑ የሚቀመጥበትና ቻርጅ የሚደረግበት ሳጥን) ሙሉ ነው እያለ ኤርፎኑ ባዶውን ይወጣል። ያን ጊዜ ደግሞ ሻጩ የሰጠው የመመለሻ ቀን አልፏል። ካርቶኑ ላይ ያለው አብዛኛው ጽሁፍ «ገዢው አያረጋግጠውም» ተብሎ የተጻፈ ነው። እዚያው ቆማችሁ ግን አብዛኛውን በሩብ ሰዓት ማረጋገጥ ትችላላችሁ።

ከሁሉ የከፋው ማታለያ በአንድ ፊደል ልዩነት ላይ የተሠራ ነው፦ ኤኤንሲ (ANC) እና ኢኤንሲ (ENC)። ሁለቱም «ጫጫታ ያጠፋል» ተብለው ይሸጣሉ፤ ሥራቸው ግን አይገናኝም። ኤኤንሲ የሚሠራው ለአድማጩ ነው። ኤርፎኑ ላይ ያሉት ማይኮች የውጭውን ድምፅ ይቀበላሉ፣ ቺፑ የዚያን ድምፅ ተቃራኒ ሞገድ ይፈጥራል፣ ሁለቱ ጆሮ ውስጥ ሲገናኙ ይጠፋፋሉ። ኢኤንሲ ግን ስልክ ስታወሩ ብቻ ነው የሚሠራው፤ ማይኩ የሚይዘውን የነፋስና የመኪና ድምፅ ቀንሶ ንግግራችሁን ለሌላኛው ሰው ያጠራል። ሙዚቃ ስትሰሙ ለጆሯችሁ የሚያደርገው አንዳች ነገር የለም። «ሲቪሲ 8.0» የሚለውም እንዲሁ በኳልኮም ቺፖች ላይ የሚገኝ የንግግር ማጥሪያ ነው። ካርቶኑ ላይ ከእነዚህ ከኋለኞቹ አንዱን ብቻ ካያችሁ፣ ሻጩ የፈለገውን ቢምል ኤርፎኑ ለአድማጩ ጫጫታ አያጠፋም።

ኤኤንሲ ተብሎ ከተጻፈም ጽሁፉን ብቻ አትመኑ። ብዙ ገዢ የሚሳሳተው ኤርፎኑን ጆሮው ውስጥ ሲከተው ዙሪያው ጸጥ ስለሚል «ይሠራል» ብሎ ነው። ያ ጸጥታ ኤርፎኑ ጫፍ ላይ ያለው፣ የጆሮውን ቀዳዳ የሚዘጋው ጎማ ነው ያመጣው፤ ጣትን ጆሮ ውስጥ መክተትም ያንኑ ያደርጋል። ስለዚህ ማወዳደር ያለባችሁ አስገብታችሁና አውጥታችሁ ሳይሆን፣ እንደገባ ሆኖ እያበራችሁና እያጠፋችሁ ነው። ማራገቢያ ወይም ሞተሩ እየሠራ የቆመ መኪና አጠገብ ሁኑ፤ ሙዚቃ አትክፈቱ። እውነተኛ ኤኤንሲ ካለው፣ ሲበራ ወፍራሙና የማያቋርጠው ጉርምርምታ በግልጽ ዝቅ ይላል። የሰው ንግግርና የሳህን ኳኳታ ብዙም አይቀንስም፤ ቴክኖሎጂው በዋናነት ከ1000 ኸርዝ በታች ባለው ወፍራም ድምፅ ላይ ስለሚበረታ ይህን እንደ ጉድለት አትቁጠሩት። «በርቷል» የሚል ድምፅ ተሰምቶ ምንም ካልተለወጠ፣ ወይም ጉርምርምታው እንዳለ ሆኖ ሽሽታ (ሽሽ የሚል ድምፅ) ብቻ ከተጨመረበት፣ ዕቃውን መልሱት።

ባትሪው ላይ ያለው ውሸት በቁጥር የሚፈተሽ ነው። በትልቁ የሚጻፈው «48 ሰዓት» የኤርፎኑና የኬዙ ድምር እንጂ ሳታቋርጡ የምትሰሙበት ጊዜ አይደለም። በእያንዳንዱ ኤርፎን ውስጥ ያለው ባትሪ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ሚሊአምፒር ሰዓት (mAh፣ የባትሪ አቅም መለኪያ) ይይዛል፤ ከዚያ ብዙ ለሚበልጥ ባትሪ ቦታው አይበቃም። 40 የሚይዝ ኤርፎን 8 ሚሊአምፒር ያህል እየሳበ ቢሠራ 5 ሰዓት ይቆያል። ሁለቱን አንዴ ለመሙላት 80 ያስፈልጋል። ኬዙ 400 ቢይዝና ከኬዙ ወደ ኤርፎኑ ሲተላለፍ 20 በመቶው ቢባክን 320 ይቀራል፤ ይህም 4 ጊዜ ይሞላል። በኤርፎኑ ውስጥ ካለው ጋር ድምሩ 25 ሰዓት መጣ ማለት ነው። ኬዙ ላይ የተጻፈውን ሚሊአምፒር ሰዓት ፈልጉና በዚሁ መንገድ አስሉ፤ ካርቶኑ ከሚለው ጋር በሰፊው ካልተገናኘ አንደኛው ቁጥር ሐሰት ነው። «2000 ሚሊአምፒር ሰዓት» የተጻፈበት ትንሽ ኬዝ ካገኛችሁ ደግሞ ሚዛን ላይ አስቀምጡት፦ ይህን ያህል የሚይዝ የሊቲየም ባትሪ ብቻውን 35 ግራም ገደማ ይመዝናል። ባዶ ኬዙ በጠቅላላው ከዚያ በታች ከሆነ ሌላ ማስረጃ አትፈልጉ። ሐቀኛ አምራቾች የሚጽፉት ሰዓት ራሱ ብዙ ጊዜ የሚለካው ድምፁ ግማሽ ላይ ሆኖ ነው፤ ኤኤንሲ ሲበራ ከዚያም ይቀንሳል።

አሁን ወደ ኮፒዎቹ። የኤርፖድስ (የአፕል ገመድ አልባ ኤርፎን) ኮፒ አይፎን አጠገብ ሲከፈት የኦርጅናሉን ሥዕል ስክሪኑ ላይ ያመጣል፣ የባትሪውን መቶኛ ያሳያል፣ «ኤርፖድስ ፕሮ» የሚል ስም ይዞ ይመዘገባል። ይህን ሁሉ ያደረገው የተኮረጀ ቺፕ ነውና እንደ ማረጋገጫ አትውሰዱት። ሲሪያል ቁጥሩን በአፕል ገጽ ላይ አስገብታችሁ ትክክል ቢወጣም ያው ነው፤ ቁጥሩ ከእውነተኛ ዕቃ ላይ ተገልብጦ በሺህ ኮፒዎች ላይ ሊታተም ይችላል። የማይወጣ ቁጥር ሐሰተኛነቱን ያረጋግጣል፤ የሚወጣ ቁጥር ግን እውነተኛነቱን አያረጋግጥም። የተሻለው ፈተና አይፎኑ ራሱ ነው። ከአይኦኤስ 16 (የአይፎን ሲስተም) ጀምሮ ስልኩ ሐሰተኛ ኤርፖድስ ሲገናኝ ኦርጅናልነቱን ማረጋገጥ እንዳልቻለ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ሊያወጣ ይችላል። ሻጩ «ዝም ብለህ እለፈው» ካለ ነገሩ ግልጽ ነው። ማስጠንቀቂያው ባይመጣም የጎማውን ልክ የሚፈትሸውን ምርጫ ከሴቲንግ ውስጥ ከፍታችሁ አንዱን ኤርፎን ሆን ብላችሁ ላላ አድርጋችሁ አስገቡ፤ ሁለቱም በትክክል ገብተዋል የሚል ውጤት ከሰጠ ፈተናው ማስመሰል ነው። ክብደትም ይረዳል፦ የኤርፖድስ ፕሮ ሁለተኛው ትውልድ አንዱ ኤርፎን 5.3 ግራም፣ ኬዙ 50.8 ግራም ነው። በብዙ ግራም ከቀለለ ኮፒ ነው፤ ክብደቱ መግጠሙ ብቻ ግን ነጻ አያወጣውም።

ኮፒ መሆኑን አውቃችሁ የምትገዙም አላችሁ፤ ምርጫው የእናንተ ነው። ግን በዚያው ገንዘብ የራሱን ስም ይዞ የሚሸጥ፣ የራሱ ዋስትና ያለው ያልታወቀ ብራንድ ብትገዙ አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ ድምፅ ታገኛላችሁ። የኮፒው በጀት ሥዕሉን ለማስመጣት፣ ቅርጹንና ማሸጊያውን ለመኮረጅ ነው የሚወጣው፤ ለድምፁ የሚቀረው ጥቂት ነው።

«ኤልዳክ አለው» የሚል ጽሁፍም በእጃችሁ ባለው ስልክ ይፈተናል። ኤልዳክ (LDAC) ድምፅን አጥብቦ በብሉቱዝ የሚልክ ዘዴ፣ ማለትም ኮዴክ ነው፤ የሶኒ ሥራ ሲሆን በሰከንድ እስከ 990 ኪሎቢት ያስተላልፋል። አይፎን ግን ከኤስቢሲና ከኤኤሲ ሌላ ኮዴክ አይቀበልም፤ ስለዚህ የአይፎን ተጠቃሚ ለኤልዳክ ወይም አፕትኤክስ ለሚባለው ሌላ ኮዴክ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈሉ ከንቱ ነው። አንድሮይድ ከሆነ በሴቲንግ ውስጥ የቢልድ ቁጥሩን 7 ጊዜ ተጫኑና የዴቨሎፐር ምርጫዎችን ክፈቱ፤ ኤርፎኑ ተገናኝቶ ሙዚቃ እየተጫወተ ሳለ የብሉቱዝ ኦዲዮ ኮዴክ የሚለውን ተመልከቱ። ኤልዳክ ጭራሽ መመረጥ ካልቻለ፣ ስልኩ የሚችል ሆኖ ሳለ፣ ኤርፎኑ የለውም። የብሉቱዝ 5.3 ቁጥር ብቻውን ለድምፅ ጥራት ምንም አይጨምርም። «13 ሚሊሜትር ድራይቨር» (ድራይቨር ድምፁን የሚያወጣው ክፍል ነው) የሚለውም እንዲሁ፤ በደንብ የተሠራ 6 ሚሊሜትር ድራይቨር ያልተስተካከለ 13 ሚሊሜትሩን ይበልጠዋል።

የገመድ ኤርፎን ፈላጊዎችም ከወጥመድ አላመለጡም። በላይትኒንግ ወይም በታይፕ ሲ ጫፍ የሚሸጡ አንዳንድ ርካሽ ኤርፎኖች ስትሰኩዋቸው «ብሉቱዝ አብሩ» ይላሉ። ገመዱ ከስልኩ የሚወስደው ኃይል ብቻ ነው፤ ድምፁ የሚሄደው በብሉቱዝ ነው። ፈተናው ቀላል ነው፦ ብሉቱዙን አጥፍታችሁ ሰኩት፤ ድምፅ ከጠፋ አትውሰዱት። ከታይፕ ሲ ወደ 3.5 ሚሊሜትር የሚቀይሩ አዳፕተሮችም ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ዲጂታሉን ወደ አናሎግ የሚቀይር ቺፕ፣ ማለትም ዳክ፣ በውስጡ ይዟል፤ ሌላው ባዶ ሽቦ ስለሆነ የአናሎግ ድምፅ በታይፕ ሲ በማያወጡ ስልኮች ላይ አይሠራም። ዳክ ያለው መሆኑ በግልጽ ካልተጻፈ በራሳችሁ ስልክ ሳትሞክሩ አትግዙ።

ስለ ጎማው ሰፋ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ጥሩ ኤርፎን ገዝተው «ቤዝ የለውም» ብለው የሚጥሉት ሰዎች አብዛኞቹ ችግራቸው ይኸው ነው። ጆሮ ውስጥ የሚገባ ኤርፎን ቤዝ የሚሰጠው ጎማው የጆሮውን ቀዳዳ ከዘጋው ብቻ ነው። ትንሽ ክፍተት ካለ መጀመሪያ የሚፈሰው ወፍራሙ ድምፅ ነው፤ የቀረው ቀጭንና ጆሮ የሚወጋ ይሆናል። ኤኤንሲም በላላ ጎማ አይሠራም። ቢያንስ ሦስት ልክ፣ ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ፣ ከሌለው አትግዙ። ሁለቱ ጆሮዎቻችሁ እኩል ላይሆኑ ስለሚችሉ ለግራና ለቀኝ የተለያየ ልክ መጠቀም ነውር የለውም። ስታስገቡ በሌላኛው እጃችሁ የጆሮውን የላይኛ ጠርዝ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጉ፣ ኤርፎኑን ትንሽ እያዞራችሁ ግፉት፣ ከዚያ ጆሮውን ልቀቁ። አፋችሁን ከፍታችሁ ስትዘጉ ቤዙ የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ አንድ ልክ ከፍ በሉ። ይህ የጤና ጉዳይም ነው፤ የላላ ጎማ ያለው ሰው ቤዙን ለማግኘት ድምፁን ይጨምራል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው ገደብ በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ ለልጆች 75 ዴሲቤል።

ያገለገለ ገመድ አልባ ኤርፎን መግዛትን በአጠቃላይ አልመክርም። ትንሹ ባትሪ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ሙሉ ቻርጅ ከተደረገ በኋላ አቅሙ በግልጽ ይወርዳል፣ አብዛኞቹም ባትሪያቸው እንዲቀየር ተደርገው አልተሠሩም። የጠፋ አንድ ጎን ብቻ የምትገዙ ከሆነ ሞዴል ቁጥሩ ከቀረው ጎን ትውልድ ጋር መግጠሙን አረጋግጡ፤ መልኩ አንድ ሆኖ ትውልዱ ከተለያየ አብረው አይሠሩም።

ከመክፈላችሁ በፊት ሩብ ሰዓቱን እንዲህ ተጠቀሙበት። ሁለቱንም አገናኙና የግራና የቀኝ መፈተሻ ድምፅ አጫውቱ፤ ከዚያ የምታውቁትን፣ ድምፃዊው መሃል ላይ የሚሰማበትን ዘፈን ክፈቱ። ድምፁ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ድራይቨሮቹ እኩል አይደሉም። ዘፈኑን አቁማችሁ ጸጥ ባለ ቦታ ሽሽታ መኖሩን አዳምጡ። ስልኩን ከኋላ ኪሳችሁ ክተቱና ተራመዱ፤ ሰውነት የብሉቱዝን ሞገድ ስለሚውጥ ደካማ አንቴና እዚህ ላይ መቆራረጥ ይጀምራል። በኤርፎኑ ማይክ ድምፃችሁን ቅዱና መልሳችሁ ስሙት። በመጨረሻ ሁለቱንም ኬዙ ውስጥ መልሱ፤ እያንዳንዳቸው ወዲያው ከስልኩ ተለያይተው ቻርጅ ማድረግ መጀመር አለባቸው። አንዱ ሳይለያይ ከቀረ የኬዙ መገናኛ ፒን አይነካውም፣ «አንዱ ጆሮ ቶሎ ሞተብኝ» የሚለው ስሞታ ብዙ ጊዜ የሚመጣውም ከዚህ ነው።

የታይፕ ሲ ኬዙን በሁለቱም ጫፍ ታይፕ ሲ በሆነ ገመድ ሞክሩት። በአንዳንድ ርካሽ ኬዞች ላይ ቻርጀሩ ኬዙን እንዲያውቀው የሚያደርጉት ባለ 5.1 ኪሎኦም ሁለት ሬዚስተሮች ስለሚቀሩ ቻርጀሩ ኃይል አይሰጣቸውም፤ የሚሞሉት ሌላኛው ጫፍ ሰፊው ዩኤስቢ በሆነ ገመድ ብቻ ነው። አምራቹ የሳንቲም ዋጋ ያለውን ክፍል ከተወ፣ የባትሪ መከላከያ ሰርኪዩቱን በጥንቃቄ ሠርቶታል ብሎ ማመን ይከብደኛል።

አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ ካርቶኑንና ደረሰኙን አትጣሉ፤ ኤኤንሲው የማይሠራ ወይም ባትሪው የማይቆይ መሆኑን ሰዓት በሚታይበት ቪዲዮ ቅዱና በመመለሻው ቀን ውስጥ አቅርቡ፤ ስሞታችሁን «አልወደድኩትም» ሳይሆን «ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የለውም» ብላችሁ ጻፉ። በቻርጅ ጊዜ እጅ የሚያቃጥል ኬዝ ተኝታችሁ ሳለ ሰክታችሁ አትተዉ። ካበጠ ወይም ክዳኑ አልገጥም ካለ ወዲያው ንቀሉት፣ አትክፈቱት፣ አትብሱት፤ ከጨርቅና ከወረቀት አርቃችሁ አስቀምጡና ከቤት ቆሻሻ ጋር ሳትቀላቅሉ ያረጀ ባትሪ ለሚቀበል አስረክቡ።