ዲቪደንድ ለሚፈልግ ሰው፦ የዩራኒየም ፈላጊ ወይስ የዩራኒየም አምራች ሼር?

ድሬዳዋና ሐረር ላይ ቶሮንቶ ዘመድ ያለው ቤት ብዙ ነው። ከዚያ የሚደወለውም ስልክ አንድ ዓይነት ሆኗል፤ «የዩራኒየም ሼር ልግዛላችሁ፣ ዲቪደንዱን በየዓመቱ እልካለሁ» ይባላል፤ ዲቪደንድ ኩባንያው ከትርፉ ለባለሼር የሚያካፍለው ገንዘብ ነው። ሊገዛ የታሰበው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ርካሹ ነው፤ በሳንቲም ወይም በአንድ ሁለት ዶላር የሚሸጠው፣ ገና ማዕድን በመፈለግ ላይ ያለ ኩባንያ። የተፈለገው ዲቪደንድ ከሆነ ይሄኛው ይቅር።

የፈላጊ ኩባንያ የዲቪደንድ ፖሊሲ በአንድ መስመር ያልቃል፤ «እስካሁን አልከፈልንም፣ በቅርቡም ለመክፈል ሐሳብ የለንም።» ኩባንያው አልዋሸም። ጉድጓዱ ገና ውሃ ያላወጣለት ሰው ለጎረቤት ምን ሊቀዳ? ኔክስጄን የተባለው ፈላጊ ኩባንያ በካናዳ ሳስካችዋን ክፍለ ሀገር አሮው የተባለውን ትልቅ ክምችት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው፤ 2025 ሲያልቅ ከዚያ አንድ ፓውንድ ዩራኒየም አልወጣም። ሲጋር ሌክ የተባለው የዚያው አካባቢ የዩራኒየም ማዕድን በ1981 ተገኘ፣ በ2006 ግንባታ ላይ እያለ ውሃ አጥለቀለቀው፣ ማምረት የጀመረው በ2014 ነው። ከግኝት እስከ ምርት 33 ዓመት።

አለመክፈሉ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ፈላጊው የቁፋሮውን ወጪ የሚሸፍነው አዲስ ሼር እያተመ ነው። 100 ሚሊዮን ሼር ያለው ኩባንያ በየዓመቱ 10 ሚሊዮን ቢጨምር በአምስት ዓመት 150 ሚሊዮን ይደርሳል። ያኔ 15 ሚሊዮን ዶላር ቢያተርፍ ለአንድ ሼር የሚደርሰው 15 ሳንቲም መሆኑ ቀርቶ 10 ሳንቲም ነው። እናንተ አንድም ሼር ሳትሸጡ ሲሶው ሄደ ማለት ነው። አዲሱን ሼር በቅናሽ የሚወስዱት ትልልቅ ገዢዎች ብዙ ጊዜ ዋራንት ይመረቅላቸዋል፤ ወደፊት በተቆረጠ ዋጋ ተጨማሪ ሼር የመግዛት መብት ነው። በካናዳ እንዲህ ለተመረጡ ገዢዎች የተሸጠ ሼር በአብዛኛው አራት ወር ታግዶ ይቆያል። እገዳው በሚነሳበት ሳምንት ዋጋው ወረድ ቢል አትደነቁ፤ ሼሩን ሸጠው ዋራንቱን በነጻ የሚያስቀሩ አሉ።

ስለዚህ ዘመድ ከመግዛቱ በፊት የካናዳ ኩባንያዎች ሪፖርት የሚያስገቡበት ሴዳር ፕላስ ድረ ገጽ ላይ ገብቶ የኩባንያውን የመጨረሻ የሩብ ዓመት ሪፖርት ያውርድ፤ ክፍያ የለውም። የሼሩን፣ የዋራንቱንና ለሠራተኞች የተሰጠውን የመግዛት መብት ብዛት ይደምር። ዋጋውን የሚያመዛዝነው በዚህ ድምር ነው። ቀጥሎ በእጅ ያለውን ገንዘብ በሩብ ዓመቱ ወጪ ያካፍል። 6 ሚሊዮን ዶላር ይዞ በሩብ ዓመት 2 ሚሊዮን የሚያወጣ ኩባንያ የዘጠኝ ወር ስንቅ ነው ያለው፤ አዲስ ሼር የሚያወጣው ግን ካዝናው ባዶ እስኪሆን ጠብቆ አይደለም።

ወደ አምራቾቹ እንምጣ። የካናዳው ካሜኮ ይከፍላል፣ ግን አትጓጉ። እ.ኤ.አ. በ2017 መጨረሻ ዩራኒየም ሲረክስ የዓመቱን ክፍያ ከ40 ሳንቲም ወደ 8 ሳንቲም አወረደው፤ በ2025 የከፈለው 24 የካናዳ ሳንቲም ነው። አንዱን ሼር 100 ዶላር እንበል፦ በ1,000 ዶላር 10 ሼር፣ በዓመት 2 ዶላር ከ40። ሼሩ የተመዘገበው ካናዳ በማይኖር ሰው ስም ከሆነ ካናዳ መደበኛውን 25 በመቶ ትቆርጣለች፤ 1 ዶላር ከ80 ይቀራል። ድሬ ድረስ ለመላክ የሐዋላው ክፍያ ከዚያ ሊበልጥ ይችላል።

በእኔ ሚዛን የሚደፋው ካዛቶምፕሮም ነው። 75 በመቶው የካዛኪስታን መንግሥት ስለሆነና መንግሥትም ገንዘቡን ስለሚፈልገው በቀመር ይከፍላል፤ ዕዳው ዝቅተኛ ሲሆን ከወጪ የተረፈውን ጥሬ ገንዘብ ቢያንስ 75 በመቶ ያከፋፍላል። ለ2024 የከፈለው በሼር 1,264 ተንጌ (የካዛኪስታን ገንዘብ) ነው፤ ወደ 2 ዶላር ከ40 ሳንቲም ግድም፣ ያውም የአሜሪካ። በ40 ዶላር ለገዛ 6 በመቶ፣ በ60 ለገዛ 4 በመቶ ማለት ነው፤ ግብርና የአስቀማጩ ባንክ (ሼሩን ይዞ በምትኩ ለንደን ላይ የሚሸጠውን ሰነድ የሚያወጣው ባንክ) ክፍያ ገና ሳይነሳ። ስለዚህ ሼሩ ከተወደደ በኋላ ተሯሩጦ መግዛት ጥቅሙን ይበላዋል። ችግርም አለበት፦ ዩራኒየሙን ከመሬት ውስጥ አሟሙቶ ለማውጣት የሚያስፈልገው የሰልፈሪክ አሲድ እጥረት የምርት ዕቅዱን አስቀንሶታል፣ ከጭነቱ የተወሰነው በሩሲያ በኩል ነው የሚያልፈው፣ ቀመሩም ዩራኒየም ሲረክስ አብሮ ይወርዳል።

ሐሰተኛውን መለየት ደግሞ ቀላል ነው። በቴሌግራም «የዩራኒየም ፍለጋ ሼር፣ በየወሩ የተረጋገጠ ዲቪደንድ» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ የሚያጋልጠው ራሱ ዲቪደንዱ ነው፤ እውነተኛ ፈላጊ የሚከፍለው የለውም። የታወቀ ኩባንያ አርማ ለጥፈው በሞባይል ብር ላኩ የሚሉም አሉ። የቶሮንቶ ሼር በግለሰብ ስልክ ቁጥር አይሸጥም። ካናዳ ያለ ደላላ በሲሮ (የካናዳ የሼር ደላሎች ተቆጣጣሪ) መዝገብ ላይ፣ እዚህ አገር ያለ ደግሞ በኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ዝርዝር ላይ ስሙ መገኘት አለበት።

ዘመድ ለካዛቶምፕሮም ከተስማማ መጀመሪያ ደላላውን ይጠይቅ፤ ሼሩ ለውጭ ገዢ በዋናነት የሚሸጠው ለንደንና አስታና ነው፣ ብዙዎቹ የካናዳ የሼር መግዣ የስልክ መተግበሪያዎች ደግሞ የለንደንን ገበያ አይከፍቱም። የሚከፍት ካገኘም የአንድ ግዢ ኮሚሽን ስንት እንደሆነና ለምንዛሬ በመቶ ስንት እንደሚቆረጥ ቀድሞ ይወቅ፤ በ500 ዶላር ግዢ ሁለቱ ተደምረው የመጀመሪያውን ዓመት ዲቪደንድ ሊጨርሱት ይችላሉ።