አሮጌ ሽጉጥ ያላችሁ፣ ለማንም ከማሳየታችሁ በፊት እኚህን ሰው አግኙ

ስማቸውን እንዳልጠራ ስለነገሩኝ ጋሼ እያልኩ ልጽፍ ነው። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ! ፈቃድ ያለው አሮጌ ሽጉጥ ቤታችሁ ካለ፣ የትና መቼ እንደተሠራ፣ ላዩ ላይ የተመታው ፊደልና ቁጥር ምን እንደሚል የሚነግራችሁ ሰው ካጣችሁ፣ ሌላ ቦታ አትንከራተቱ። እሳቸው ጋ ሂዱ።

አባቴ ሲያርፍ ሽጉጡ ለእኛ ቀረ። ወረቀቱን ወደ ስሜ ለማዞር ዓይነቱ፣ ቁጥሩና የተሠራበት ዘመን መሞላት ነበረበት። ያየሁትን አሳር እኔ ነኝ የማውቀው። አንዱ በእጁ እንኳ ሳይነካው «1934» የሚለውን አይቶ «ዘመኑ ይኸው ተጽፏል፣ ምን አስጨነቀህ?» ብሎ ሸኘኝ። ሌላው ያንኑ 1934 በእኛ አቆጣጠር ነው ብሎ ድርቅ አለ። ጣሊያን ፋብሪካ ውስጥ በእኛ አቆጣጠር! ደግሞ አንዱ አለላችሁ፣ ብርጭቆ ወረቀት አውጥቶ «ትንሽ ልፈግፍገውና ፊደሉ ቁልጭ ብሎ ይወጣል» ሲል ከእጁ ነጥቄ ወጣሁ።

የሁሉም ቁንጮ ግን ያ «እሱ ያላወቀውን ማንም አያውቀውም» የተባለለት ሰውዬ ነው። ቁጥሩን በጥፍሩ ጫር ጫር አደረገና «ይሄ ተፍቆ እንደገና የተመታ ነው። የተሰረቀ ዕቃ ነው፣ ከያዙህ አለቀልህ» አለኝ። ወዲያው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለእኔ ተወው፣ አስወግድልሃለሁ» አለ። ያስወግድልኛል! እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው ባካችሁ።

እናቴ ይህን ከሰማች በኋላ እንቅልፍ የሚባል ነገር አጣች። አባቴ የተዋሰውን መዶሻ እንኳ ሳያሳድር የሚመልስ ሰው ነበር። ከእስሩ ይልቅ የእሱ ስም ነገር ነው ያንገበገባት። ሌሊት ተነስታ «የሰው ገንዘብ ቤቴ አስቀምጦ ኖሯል ማለት ነው?» ትለኛለች። ምን ብዬ ልመልስላት?

ጋሼን ያገኘኋቸው በሰው በሰው ነው። ሽጉጡን ከጨርቁ ልፈታ ስል እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙኝ። ራሳቸው ተቀብለው አፈሙዙን ወደ ግድግዳው አዞሩ፣ ካዝናውን አወጡ፣ ላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስበው ውስጡን አዩ፣ ቀጥሎ በትንሿ ጣታቸው ዳሰሱት። «ካዝናው ወጣ ማለት ባዶ ሆነ ማለት አይደለም፤ አንዷ ጥይት ውስጥ ትቀር ይሆናል» አሉና እኔም ጎንበስ ብዬ እንዳይ አደረጉኝ። እነዚያ ሁሉ አዋቂ ነን ባዮች፣ አንዳቸውም ይህን አላደረጉም እኮ! እዚህ ላይ ነው ልቤ የረጋው።

ከዚያ አንዲት ጠብታ ዘይት፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ በቃ። ምንም አልፋቁም። መብራቱን ከጎን አጋድመው ሲያበሩበት ጠፍቷል ያልነው ጽሑፍ ጥላ እያወጣ ብቅ ብቅ አለ። አጉሊ መነጽሩን ለእኔ ሰጥተው «አንተው አንብበው ልጄ» አሉኝ። እኔ እቆጥራለሁ፣ እሳቸው ይፈታሉ። ቤሬታ ነው፤ ሰሜን ጣሊያን፣ ጋርዶኔ ቫል ትሮምፒያ የተሠራ። 1934 የሞዴሉ መጠሪያ ነው። ዘመኑ ከእሱ በታች ነበር፦ 1940፣ አጠገቡ ኤክስ፣ ቪ፣ ከዚያ ሦስት አይ፤ በሮማ ቁጥር 18። ፋሺስቶቹ ለካ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1922 ኦክቶበር መጨረሻ ጀምረው የራሳቸውን ዓመት ይቆጥሩ ኖሯል። 18ኛው ዓመታቸው ከ1939 ኦክቶበር መጨረሻ እስከ 1940 ኦክቶበር መጨረሻ ነው (በፈረንጅ ነው የምላችሁ)። ስለዚህ ሁለቱ ሲገጣጠሙ ሽጉጡ በ1940 ከጃንዋሪ እስከ ኦክቶበር ባሉት ወራት የተሠራ ነው። ከእጀታው በላይ ያለው «አር ኢ» ደግሞ ለጣሊያን ንጉሥ ምድር ጦር የተሰጠ መሆኑን ያሳያል፤ ለባሕር ኃይል ቢሆን «አር ኤም» ይል ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ስለመጣ ሌላ የሮማ ቁጥርም ብዙ አስረዱኝ፣ ሰው ከዚህኛው ጋር ያምታታዋል አሉ፤ እኔ እዚያ ላይ ጠፋሁ።

አንዲት ትንሽ ምልክት ላይ ሲደርሱ ቆዩ፣ ቆዩና «ይህችን አላውቃትም» አሉ። ሁሉንም በእጃቸው በወረቀት ሲጽፉልኝ የእሷን ቦታ ባዶ ተዉት። ለዚህች ባዶ ቦታ ብቻ እንኳ ብመሰግናቸው አይበዛም።

የቁጥሩን ነገር ስነግራቸው ፊታቸው ተቀየረ። ደጋግመው አዩት። የተፋቀ ቢሆን ብረቱ እዚያ ቦታ ጎድጎድ ይል ነበር፣ ቀለሙም ከዙሪያው ይለይ ነበር፤ ይሄ ግን ደልዳላ ነው፣ የላይኛው ብረት ቁጥርና የአካሉ ቁጥርም አንድ ነው አሉኝ። እፎይ ብዬ ሳልጨርስ «እናትህ በስልክ ትገኛለች?» አሉ። ደወልኩ። ተቀበሉኝና «እትዬ፣ ቁጥሩ አልተነካም። ፋብሪካው እንደመታው ነው። ባለቤትዎ የሰው ዕቃ አልያዙም፣ ዛሬ ይተኙ» አሏት። ሌላ ምንም አላሉም። እናቴ እያለቀሰች ስትመርቃቸው እኔ ዞር ብዬ ቆምኩ። ማን ነው ዛሬ ለማያውቃት ሴት ይህን የሚያደርግ? ንገሩኝ እስቲ!

ስለዚህ ደግሜ ደጋግሜ እላለሁ፣ እሳቸው ጋ ሂዱ። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፤ ስልካቸውን ሳላስፈቅድ አልሰጥም። ባዶ አድርጋችሁ፣ ከነፈቃዱ ይዛችሁ ሂዱ፣ ያለ ወረቀት የመጣ ሰው በር ላይ ነው የሚመልሱት። ቤት ውስጥ አትፈግፍጉት፣ አታስወልውሉት፣ እንዳለ ውሰዱት። ትንሽ ያስጠብቃሉ፣ ታገሱ። መነጽሬ የት ሄደ ብለው መፈለግ ከጀመሩ ደግሞ ግንባራቸው ላይ ነው፣ ንገሯቸው።