የቴሉራይድ ወርቅ፦ በእቶን ማቃጠል ወይስ አልሞ መፍጨት?

ካላቬራይት የተባለው ማዕድን ከክብደቱ 44 በመቶ ያህሉ ወርቅ ነው፤ ይሁን እንጂ ወርቁ ቴሉሪየም ከተባለው ንጥረ ነገር ጋር ተሳስሮ፣ ማለትም ቴሉራይድ ሆኖ፣ ስለሚገኝ ወርቅን ከማዕድን ለማሟሟት የሚያገለግለው ኬሚካል ሲያናይድ እንደ ንጹሕ ወርቅ ፈጥኖ አያሟሟውም። ይህን ትስስር ለመፍታት ከሚሠራባቸው መንገዶች ሁለቱን እናነጻጽር።

ቀደምቱ መንገድ በእቶን ማቃጠል ነው። ሙቀቱ ከካላቬራይቱ ጋር በማዕድኑ ውስጥ የሚገኘውን ድኝ (ሰልፈር) እና ከቴሉሪየሙ ከፊሉን በጋዝ መልክ ያስወጣል፤ የሚቀረው ወርቅም ቀዳዳ የበዛበት ስለሚሆን ሲያናይዱ በቀላሉ ይደርስበታል። ነገር ግን ካላቬራይት በ464 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሚቀልጥ፣ እቶኑ በችኮላ ከጋለ ወርቁ ወደ ድብልብል እንክብሎች ይለወጥና ለማሟሟት ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። ከዚህ የሚከፋው ድኙ ሲቃጠል የሚወጣው የሰልፈር ዳይኦክሳይድ ጭስ ነው፤ አርሴኒክ ካለበት ደግሞ አደጋው ይብሳል።

ሌላው መንገድ ማዕድኑን እስከ 10 ማይክሮን (የሚሊሜትር መቶኛ) ገደማ አልሞ ከፈጩ በኋላ፣ በርከት ያለ ኖራና ኦክስጅን ጨምሮ በሲያናይድ ማሟሟት ነው። ኖራው ተራ ነገር ቢመስልም ወሳኝ ነው፤ በቅንጣቱ ገጽ ላይ የሚጋገረው የቴሉሪየም ኦክሳይድ ሽፋን ኖራው በሚፈጥረው አልካሊ ውስጥ ስለሚሟሟ ወርቁ ይጋለጣል። እርግጥ ነው፣ ወፍጮው ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል፤ የሲያናይድ ፍጆታውም ይጨምራል።

በቴሉራይድ ማዕድኑ በሚታወቀው የምዕራብ አውስትራሊያው ካልጉርሊ አካባቢ የነበረው የጊጂ እቶን እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራውን አቁሞ በማላም ወፍጮ ተተክቷል። ሰው በሚኖርበት አካባቢ ለሚተከል አዲስ ፋብሪካ እኔም የምመርጠው ይህንኑ ነው፤ የኤሌክትሪክ ወጪ በስሌት ይያዛል፣ የጭስ ጉዳት ግን በነዋሪው ሳንባ ላይ ያርፋል።