5.1 ሆም ቴአትር በአዳማ ቤት፦ ከስፒከሩ በፊት ሶኬቱ

ልጆቼ ተባብረው 5.1 ሆም ቴአትር ገዙልኝ። አምስት ስፒከርና አንድ ሰብዉፈር ማለት ነው፤ ከነጥቡ በኋላ ያለችው አንድ ባሷ ናት። እንዲገጥምልኝ የጠራሁት አመዴ ገበያ አካባቢ ካለች ጠባብ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አንድ ወጣት ነው። የምጽፈው ስለ ዕቃውም ስለ ገጠማውም ነው፤ ግን ወደ ገጠማው አደላለሁ። የዕቃውን ብራንድ ሆን ብዬ ዘልዬዋለሁ፤ እኔ ቤት ያለውን ሞዴል ስም ይዛችሁ ሱቅ ብትገቡ የምታገኙት ሌላ ነው። ዋጋም አልጽፍም። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ ጽፎ ማስቀመጥ ሰው ማሳሳት ነው።

አስተያየቴን የምትመዝኑት እኔን ስታውቁ ነውና ትንሽ ስለ ራሴ። በ1990ዎቹ ፍራንኮ አካባቢ ቪዲዮ ቤት ነበረኝ። አንድ ዴክ፣ አንድ ወፍራም ቴሌቪዥን፣ ሁለት ከእንጨት የተሠሩ ስፒከሮች፣ ከኋላ አግዳሚ ወንበር። ደንበኛ የሚመጣው በፊልሙ ነው፤ የሚመለሰው ግን በድምፁ ነበር። ስለዚህ ጆሮዬ ነገረኛ ነው፤ እጄም ብሎን መፍቻ ያውቃል።

የሱቁ ልጅ ሲመጣ ካርቶኑን አልነካም። ቴስተሩን አውጥቶ ሶኬቱ ላይ ሰካና፣ "ጋሼ፣ ማታ ምጣድ ሲበራ አምፖሉ ይደበዝዛል?" አለኝ። ይደበዝዛል እንጂ! ከእኛ ጋር ቆጣሪ የምትጋራው ጎረቤታችን እንጀራ የምትጋግረው ከሥራ ስትመለስ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ ቀጭን መስመር ላይ ያለውን ቤት ሁሉ ያዳክማል። በዚያ ሰዓት የለካው ከ220 በጣም ዝቅ ያለ ነበር። እኔ ወዲያው፣ "እንግዲህ ስታብላይዘር ልግዛ" አልኩት። ሱቁ ስታብላይዘር በየዓይነቱ ደርድሮ የሚሸጥ ሱቅ ነው፤ ትልቁን ጭኖ ሊያመጣልኝ ይችል ነበር። እሱ ግን ቴሌቪዥኑን አዙሮ ጀርባው ላይ ያለችውን ጽሑፍ አስነበበኝ፦ ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ። እንዲህ ተብሎ የተጻፈበት ዕቃ 160 ላይም ይሠራል። ማነስ አይጎዳውም፤ የሚገድለው መብዛት ነው። የሆም ቴአትሩ ጽሑፍ ከ220 እስከ 240 ስለሚል እሱ ጠበብ ያለ ነው፤ ግን የእሱም ዋና ጠላት ያው ከላይ የሚመጣው ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የሰፈሬ ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው በተሳሳተው መሣሪያ ላይ ነው። ሦስት የተለያዩ ጉዳቶች አሉ። አንደኛው የመብራት መድከም ነው፤ ስታብላይዘር የሚረዳው ለዚህ ነው። ሁለተኛው መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ግፊት ነው። የሰፈሩ ፍሪጅ፣ ፓምፕና ምጣድ በአንድ ጊዜ ሲነሣ መስመሩ ወደ ላይ ወደ ታች ይናጣል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ቆይቶ የሚያበራ ጋርድ ነው። መብራቱ ሲመለስ ወዲያው አያሳልፍም፤ ቮልቱ እስኪረጋ ጠብቆ ነው የሚለቀው። ከልክ ካለፈም ይቆርጣል። ሦስተኛው ከሁሉ ይከፋል፦ ከፖሉ ወይም ከቆጣሪው ላይ ኑሉ፣ ማለትም መመለሻው ሽቦ፣ ከላላ ወይም ከተበጠሰ ሶኬታችሁ ላይ በ220 ፋንታ ወደ 380 የሚጠጋ ሊመጣ ይችላል። ሰፈር ሙሉ ቴሌቪዥን በአንድ ማታ የሚቃጠለው በዚህ ነው። ተራ የሪሌ ስታብላይዘር፣ ያ ቀጭ ቀጭ የሚለው፣ ከፍተኛ ቮልት የሚቆርጥበት ክፍል ከሌለው በዚህ ጊዜ አብሮ ይነዳል። ስለዚህ ልጁ ያስገዛኝ ከስታብላይዘሩ በዋጋ በጣም የምታንስ፣ ሶኬት ላይ የምትሰካ ቲቪ ጋርድ ናት። ሦስት መብራት አላት፤ ቀዩ ቆረጥኩ፣ ቢጫው ጠብቁ፣ አረንጓዴው ሂዱ ይላል። የሚሸጥልህን ትቶ የሚያስፈልግህን የሚሰጥ ነጋዴ ስታገኝ ስልኩን መያዝ ነው።

በነገራችን ላይ ዲቫይደር ሁሉ መከላከያ አይደለም። ቀይ ማብሪያ ስላለው ብቻ "ሰርጅ" ብለው የሚሸጡት አለ። እውነተኛው በውስጡ ግፊቱን ወደ ኧርዝ፣ ማለትም መሬት ውስጥ ወደሚገባው ሽቦ፣ የሚያወርድ ክፍል አለው፤ ያም ቢሆን ቤቱ ኧርዝ ከሌለው የሚያወርድበት የለውም። የእኛ ሶኬቶች የኧርዝ ቆርቆሮ ነበራቸው፤ ከጀርባው ግን ሽቦ የለም! ልጁ ሶኬቱን ፈትቶ ባዶውን ሲያሳየኝ ሳቄ መጣ። ግቢ ውስጥ የመዳብ ዘንግ አስቀበርን። የአዳማ አፈር በበጋ ዱቄት ስለሚሆንና ደረቅ አፈር ኤሌክትሪክ በደንብ ስለማይቀበል ዙሪያውን ከሰልና ጨው ሞላንበት፤ ባለቤቴ ለአትክልቷ የምታጠጣው ውሃ ደግሞ እዚያው አጠገብ ስለሚያልፍ ያርሰዋል።

መብረቅ ሌላ ነገር ነው። ጋርድም ኧርዝም ለቅርብ መብረቅ ዋስትና አይሆኑም። ክረምት ላይ ሰማዩ ሲያጉረመርም ሶኬቱን መንቀል፤ ብዙ ሰው የሚረሳው ግን የዲሹን ገመድ ነው። ዲሹ ጣሪያ ላይ ነው፣ ገመዱ መዳብ ነው፣ ሪሲቨሩ ከቴሌቪዥኑ ጋር በኤችዲኤምአይ፣ ቴሌቪዥኑም ከሆም ቴአትሩ ጋር መጀመሪያ እንዲሁ ተያይዞ ነበር። እንዲህ ሲያያዙ በዲሹ ገመድ የገባ ግፊት ሶኬት ሳያስፈልገው ሦስቱንም ያዳርሳል።

ወደ ድምፁ ልምጣ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሺህ ዋት አትመኑ። ፒኤምፒኦ የሚባለው ቁጥር የሻጭ ቁጥር ነው፤ አርኤምኤስ የሚለውን፣ ማለትም ሳይቋረጥ የሚያወጣውን ኃይል፣ ፈልጉ። እሱም ካልተጻፈ የዕቃውን ጀርባ አንብቡ፦ ከሶኬት የሚስበው 80 ዋት ነው ካለ ለረጅም ጊዜ ከዚያ በላይ ድምፅ ከየት ያመጣል? የእኔው በዚህ መለኪያ መካከለኛ ነው፤ ለሳሎን ግን ይበቃል፣ ይተርፋልም።

ስፒከሮቹን መስቀል ላይ እኔና ልጁ ተከራከርን። እሱ እንደለመደው ከግድግዳው ጫፍ፣ ከኮርኒሱ ሥር ሊሰቅላቸው ፈለገ። እኛ ቤት ግን ሶፋ የለም፤ መጅሊስ ነው። መጅሊስ ላይ የተቀመጠ ሰው ጆሮው ከወለሉ ብዙም አይርቅም። የፊት ስፒከሮች ደግሞ በጆሮ ልክ መሆን አለባቸው፤ ቀጭኑ ድምፅ እንደ ባትሪ ብርሃን ወደፊት እንጂ ወደ ጎን ብዙ አይበተንም። ስለዚህ የፊቶቹን ዝቅ አድርገን አጭር ማቆሚያ ላይ አስቀመጥናቸው። የኋላዎቹ ከተቀማጩ ትንሽ ወደ ኋላ አለፍ ብለው በጎን፣ ከጆሮ ከፍ ብለው ተሰቀሉ። ወደ ኮርኒሱ ግን አልተጠጉም። ግድግዳችን ብሎኬት ስለሆነ ፊሸር ባዶው ላይ ከገባ አይይዝም፤ ልጁ እያንኳኳ ድፍኑን ፈልጎ ነው የበሳው። ይህን ሳይለምኑት የሚያደርግ ባለሙያ ብዙ አላየሁም።

ቀይና ጥቁሩ ገመድ ሲቀያየር ድምፅ አይጠፋም፤ ስለዚህ ብዙ ቤት ተቀያይሮ ዓመታት ይኖራል። የሚጠፋው ባሱ ነው፤ አንዱ ስፒከር ሲገፋ ሌላው ይስባልና እርስ በርስ ይጣፋሉ። በቪዲዮ ቤት ዘመን የማውቃት ዘዴ አለች። አንድ የ1.5 ቮልት ድንጋይ ውሰዱ፣ ገመዱ ከአምፕሊፋየሩ በተነቀለበት በኩል ለቅጽበት ንኩት። ቀዩ ከፖዘቲቭ ጋር ከሆነ የስፒከሩ ሆድ ወደ ውጭ ይወጣል። ልጁ ይህችን አያውቃትም ነበር፤ እሱ በስልኩ የሚሞክርበት የራሱ መንገድ አለው። ሁለቱም አንድ መልስ ሰጡ።

ሰብዉፈሩ ጥግ ላይ ሲሆን ባሱ ይወፍራል። ለፊልም ደስ ይላል፤ ለጎረቤት ግን አይደለም፣ የእኛም ኮርኒስ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከጥጉ ወጣ፣ ከጋራው ግድግዳም ራቅ አደረግነው፤ ከሥሩ ወፍራም ላስቲክ ገባ። ወለላችን ሴራሚክ ስለሆነ ድምፁ ያስተጋባ ነበር፤ ምንጣፉና የመጅሊሱ ትራስ ግማሹን ዋጡት፤ የቀረውን ወፍራም መጋረጃ ጨረሰው። ለዚህ ማንም ባለሙያ አያስፈልግም።

አንድ ያስቸገረን ነገር ነበር፦ "እምምም" የሚል ድምፅ፣ ምንም ሳይከፈት። ልጁ ገመዱን አንድ በአንድ እየነቀለ የዲሹን ሲነቅል ዝም አለ። የዲሹ ገመድ ከጣሪያው ብረት ጋር የተነካካ ስለነበር ኧርዝ በሁለት መንገድ ይመጣ ነበር ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ሆነ። ከቴሌቪዥን ወደ ሆም ቴአትር በኤችዲኤምአይ አርክ (የቴሌቪዥኑን ድምፅ ወደ ሆም ቴአትር በሚመልሰው መስመር) ፋንታ ኦፕቲካል ገመድ ተጠቀምን። ኦፕቲካል ብርሃን ነው የሚያስተላልፈው፤ ኤሌክትሪክ ስለማይሻገርበት ጉርምርምታውም አልተሻገረም። ያጣሁት በአንድ ሪሞት ሁሉንም መቆጣጠርን ነው። ድምፁ ግን ከአርክ አይተናነስም፤ ሁለቱም ዶልቢ ዲጂታል 5.1፣ ማለትም ለስድስቱም ስፒከር የተለየ ድምፅ፣ ያሳልፋሉ። ቴሌቪዥኑ ቅንብር ውስጥ የድምፅ መውጫው ፒሲኤም (ቴሌቪዥኑ ራሱ ፈትቶ የሚልከው) ላይ ከሆነ ግን በኦፕቲካል የሚመጣላችሁ ባለ ሁለት ድምፅ ብቻ ነው፤ ድምፁን ሳይፈታ እንዳለ ወደሚያሳልፈው፣ ወደ ቢትስትሪም ቀይሩት። ይህን ልጁ ሳይነካው ሊሄድ ሲል ነው የያዝኩት። አንድ ነጥብ እዚህ ላይ ቀንሼበታለሁ።

አትሳቱ፣ የአገር ውስጥ ቻናል ስታዩ የምትሰሙት በአብዛኛው ስቴሪዮ ነው። ሆም ቴአትሩ እየከፋፈለ ለኋላዎቹም ያካፍላል እንጂ እውነተኛ 5.1 አይደለም። እኔ በዚህ ቅር አይለኝም። የአማርኛ ድራማ ላይ ትልቁ ችግር ሙዚቃው ንግግሩን መዋጡ ነበር። አሁን የመሃሉን ስፒከር ብቻ ከፍ ሳደርግ ባለቤቴ "ምን አለ?" እያለች መጠየቋን ተወች። ኳስ ደግሞ፣ ሪሲቨሩ ላይ ዶልቢ ካበራችሁና ስርጭቱ ከያዘው፣ የደጋፊው ጩኸት ከኋላችሁ ይመጣል። የዚያን ቀን ቤቴ የገባው የወንድሜ ልጅ ዞሮ መስኮቱን አየ።

አቧራና ዳንቴል ላይ ደግሞ ጦርነት ነበረብኝ። ናዝሬት ነፋሷ በከንቱ የኃይል ማመንጫ አላስተከለባትም፤ በበጋ መስኮት ተዘግቶም ቡፌው ላይ በጣት ስም ይጻፋል። ባለቤቴ አቧራ ትከላከላለች ብላ በሠራችው ዳንቴል የሰብዉፈሩን አናት ሸፈነችው፤ ትኩስ አየር የሚወጣበት ቀዳዳ ግን እዚያው ነው። ተስማማን፦ ዳንቴሏ የምትለብሰው ዕቃው ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ሪሲቨሩንም በመስታወት ከሚዘጋው ቡፌ አወጣነው። አቧራውን በደረቅ ለስላሳ የቀለም ብሩሽ ነው የምጠርገው፤ እርጥብ ጨርቅ አቧራውን ጭቃ አድርጎ ይለጥፋል። የቡና ረከቦቱም ከመሃሉ ስፒከር ፊት ተነሥቷል፤ የዕጣን ጭስ ስስ ጨርቁ ላይ ቅባት ይተዋል።

ለሱቁ ከአሥር ስምንት እሰጣለሁ። አንዱን ስለ ቅንብሩ አልኩ። ሁለተኛውን የቀነስኩት በወረቀት ጉዳይ ነው፤ ደረሰኝ እስክትጠይቁት አይሰጥም፣ የገጠማው ዋስትናም በቃል ብቻ ነው። እኔ ለምኜ አጽፌዋለሁ፣ እናንተም አጽፉት። ስትጠሩት ጠዋት ይሁን፣ ከሰዓት ሱቁን ብቻውን ነው የሚጠብቀው። ምጣድ የሚጋገርበትን ሰዓት ግን ንገሩትና ያን ሰዓት ለመለካት ብቻ ተመልሶ ይምጣ፤ ለዚህ ተጨማሪ አላስከፈለኝም።