ፖቶማክ ላይ «ቀስ» ላለችኝ ልጅ

ይህን ጽሁፍ ዛሬ ነገ እያልኩ ሦስት ወር አለፈኝ። ትናንት ከታክሲዬ ስወርድ ወገቤ ሳያስቸግረኝ፣ በሩን ሳልደገፍ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ያኔ አፈርኩ። ምስጋና ይሄን ያህል አይቆይም።

ስለዚህ በአደባባይ ልበለው። ዲሲ፣ ቶምሰን የጀልባ ማዕከል ውስጥ በሰመር ለአዋቂ ጀማሪዎች ቀዘፋ የምታስተምረውን ልጅ ከልቤ አመሰግናለሁ። ዕድሜና ጤና ይስጣት። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ፣ በተለይ እንደኔ ሃምሳን የዘለላችሁ ሼባዎች፣ ሂዱና ተመዝገቡ። (ሰመር የምለው ሐምሌን ነው። አገር ቤት ክረምት፣ እዚህ ላብ በላብ።)

12 ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። ከአርሊንግተን ወደ ጆርጅታውን በቀን አራት አምስቴ ፖቶማክ ወንዝ ላይ ያለውን ኪይ ብሪጅን አቋርጣለሁ። ማለዳ ላይ እነዚያ ቀጫጭን ጀልባዎች ከድልድዩ ሥር ሹልክ እያሉ ሲያልፉ አያለሁ። እኔ የባህር ዳር ልጅ ነኝ፣ ታንኳ አውቃለሁ። እነዚህ ግን ጀርባቸውን ለሚሄዱበት አቅጣጫ ሰጥተው ነው የሚቀዝፉት። «የፈረንጅ ነገር» ብዬ አልፍ ነበር። በኋላ ወገቤ አስቸገረኝና ሐኪሜ «ዝም ብለህ አትቀመጥ፣ ሰውነትህን አንቀሳቅስ» አለኝ። ወዲያው የታየኝ ያ ጀልባ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት ሌላ ቦታ ነው። ስሙን አልጠራም። ስመዘገብ ያየሁት ፈገግታ ገንዘቡን ከከፈልኩ በኋላ የት እንደገባ አላውቅም። ዘጠኝ ሰው ለአንድ አሰልጣኝ። እሱም ዓይኑ ስልኩ ላይ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስሜን አልያዘውም፤ «አንተ ኋላ ያለኸው» ነበርኩ። የጣቶቼ መገጣጠሚያ እየተላጠ ሲደማ ባሳየው «ትለምደዋለህ» አለኝ። አንድ ቀን መቅዘፊያው ውሃ ውስጥ ተቀርቅሮብኝ ስንገዳገድ፣ ልጆቼ የሚሆኑ ወጣቶች ፊት «ላንተ የሚሻለው ጂም ውስጥ ያለው ማሽን ነው» አለ። ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ሰው ሲዋረድ የሚስቀውን ሳቅ ታውቁታላችሁ። ሁለት ቀን በዝናብ ተሰረዘና የዚያ ሂሳብ ይመለስልኝ ስል «ፖሊሲ» አሉኝ። በዚህ አገር እንደዚህች ቃል ያንገሸገሸኝ የለም። ቤት ስገባ ባለቤቴ «ደግ አደረጉህ፣ በዚህ ዕድሜህ ውሃ ውስጥ ምን ጥለሃል?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ አንድ ቀን ሰባ ዓመት የሚሆናት ሴትዮ ጫንኩ። ወንበሬን በውሃ አራሰችው። ይቅርታ ጠየቀችኝና ከቶምሰን እየመጣች እንደሆነ፣ ዛሬ ጀልባ ገልብጣ እንደነበር በደስታ አወራችልኝ። ገልብጣ! በዚያው ሳምንት ሄጄ ተመዘገብኩ።

የአንዱ ሰው ጀልባ ስምንት ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ወርዱ ግን ከመቀመጫዬ ብዙም አይበልጥም። የኛ የጀማሪዎቹ ሰፋ ያለ ነው አሉ፤ እኔ ስፋቱ አልታየኝም። እግር ጀልባው ላይ በተገጠመ ጫማ ውስጥ ይታሰራል፣ መቀመጫው በሐዲድ ላይ ይንሸራተታል፣ በየእጅህ አንድ አንድ ረጅም መቅዘፊያ ትይዛለህ። ልጅቷ ከሁሉ በፊት የነገረችን አንድ ነገር ነው። እጀታዎቹን አትልቀቁ። እነሱን ከያዛችሁ ጀልባው ሳይገለበጥ ይቆምላችኋል።

በሁለተኛው ቀን፣ ሮዝቬልት ደሴት ፊት ለፊት፣ ወደ ሬገን ኤርፖርት የሚወርድ አውሮፕላን ከራሴ በላይ አለፈ። ቀና ብዬ አየሁት። አንዱን እጀታ ለቀቅኩ። በቃ፣ ፖቶማክ ገባሁ።

ዋና እችላለሁ፣ ለሱ አልሰጋሁም። የሰጋሁት ሳቁን ነው። ልጅቷ በሞተር ጀልባዋ መጥታ ሞተሩን አጠፋች። አልሳቀችም። አልተጣደፈችም። ጀልባዬ ላይ ተንጠልጥዬ ትንፋሼ እስኪመለስ ጠበቀችኝና ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «እኔ በእንግሊዝኛ ስጮህ አንተ እስክትተረጉመው ጊዜው ያልፍሃል። ረጋ በል ለማለት በቋንቋህ ምን ትላላችሁ?»

«ቀስ» አልኳት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በድምፅ ማጉያዋ «ከስ!» እያለች ወንዙን አደበላለቀችው። «ቀ» አይወጣላትም። «ክሳ» የምትለኝ ነው የሚመስለው፤ ለቦርጬ እሱም ምክር ነው። እኔ ግን የመጀመሪያ ቀን ስሰማው ጉሮሮዬን አንድ ነገር ያዘኝ። አጎቴ ከዘጌ እንጨት በታንኳ ጭኖ ሲመጣ፣ አንዳንዴ እኔንም ደንገሉ ላይ ያስቀምጠኝ ነበር። ትንሽ ከተቁነጠነጥኩ «ቀስ!» ይለኛል። ሌላ ነገር አይናገርም ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። ይህችን ቃል ውሃ ላይ ከሰማኋት 40 ዓመት አልፏታል።

የጣቴንም ነገር ልንገራችሁ። ስትቀዝፉ ሁለቱ እጀታዎች መሃል ላይ ይደራረባሉ፣ አንዱ እጅ ሌላውን ይፍቃል። ሁለቴ ፊቷ ሳልፍ አየችኝና ወደ ጀልባ መውጫው ጠራችኝ። መቅዘፊያው ከሚታሰርበት ቦታ አንዲት ትንሽ ፕላስቲክ ከላይ ነቅላ ከታች ሰካቻት። ምን እንደሆነች አስረድታኛለች፣ አልገባኝም። ብቻ ጣቴ ዳነ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀባትም! ያኛው ቦታ ሦስት ሳምንት ሙሉ ደሜን ሲያፈሱት የነበረው ለዚህች ነው።

በመጨረሻው ሳምንት አንድ ማለዳ፣ እንዴት እንደሆነ ሳላውቅ፣ አሥር ያህል ቀዘፋ ተስተካከለልኝ። ከሥሬ ውሃው እንደ ጀበና ኩልኩል አለ። ዞር ስል ልጅቷ ማጉያዋን አስቀምጣ እጇን እያውለበለበች ነው። ባለቤቴ የዚያን ቀን ፎቶ አይታ «ለሚቀጥለው ሰመር ለኔም ጠይቅልኝ» ብላለች።

ወገብ ያድናል አላልኩም፤ ወገባችሁን የሚያማችሁ መጀመሪያ ሐኪማችሁን አማክሩ። ዋና የማትችሉም አስቀድማችሁ ዋና ተማሩ። ቅያሪ ልብስ ያዙ፣ ትገለበጣላችሁ። ግን ሂዱ፣ በእውነት ሂዱ። ልጅቷ ስሜን አትጻፍ ስላለችኝ ነው ያልጻፍኩት፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ማለዳ ኪይ ብሪጅ ላይ ትራፊክ ይዟችሁ ከሥር «ከስ!» የሚል ጩኸት ከሰማችሁ፣ መስኮት ዝቅ አድርጋችሁ ሰላም በሉን። እጄን ግን አላነሳላችሁም፤ እጀታው አይለቀቅም።